እማዬ ጸሎት ላይ እያለች ሳሎኑ ይጨልማል፤ የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ ምን ነካው?

የሰሚቷ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና እማዬ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። እማዬን ጉልበቷን ያማታል። ሌሊት ደግሞ ትነሳለች። በጨለማ ግድግዳ እየዳበሰች ማብሪያ ስትፈልግ እንዳትወድቅብኝ ብዬ ነው መብራቱን በሴንሰር ያደረግኩት።

ያለኝ ዕቃ ይህ ነው። ሳሎን፣ ኮሪደርና ሽንት ቤት በዚግቢ፣ ማለትም ስማርት ዕቃዎች ያለ ሽቦ በሚነጋገሩበት ሬዲዮ የሚሠሩ አምፖሎች አሉ። በየቦታው አንድ አንድ በባትሪ የሚሠራ የእንቅስቃሴ ሴንሰር አለ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሆም አሲስታንት የሚባለውን፣ የቤት ስማርት ዕቃዎችን የሚያዝ ፕሮግራም ጭኛለሁ፤ ከዚግቢ ዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ የዩኤስቢ መሰኪያ (ዶንግል) እሱ ላይ ተሰክቷል። አውቶሜሽኑ ቀላል ነው፦ እንቅስቃሴ ሲኖር አብራ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ፣ አጥፋ።

ዋናው ችግሬ ሳሎኑ ነው። እማዬ ሌሊት ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ጸሎቷን ታደርሳለች። የጸሎት መጽሐፏን እያነበበች መሃል ላይ መብራቱ ድርግም ይልባታል። እጇን ስታወዛውዝ አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ እንቢ ይላል። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፤ ለሷ ብዬ ያመጣሁት ነገር እሷኑ አስቸገራት።

ሌሎችም አሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም አምፖል በሙሉ ኃይሉ ቦግ ይላል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቢሆንም። የኮሪደሩ መብራት ከሰዓት በኋላ ሰው ሳይኖር ይበራል። የሽንት ቤቱ ደግሞ አንዳንዴ ገብተሽ ከተቀመጥሽ በኋላ ነው የሚበራው። ሴንሰሩ ነው ወይስ ፕሮግራሙ? ሌላ ከመግዛቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።


ፌዝና_ኑትራል

እንደምን አለሽ ልጄ። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሴንሰሩ የተበላሸ አይመስለኝም፤ ምንም እንዳትገዢ።

ጥቂት ነገር ንገሪኝ። የሳሎኑ ሴንሰር ከወለል ምን ያህል ከፍታ ላይ ነው? እናትሽ ከሱ ስንት ሜትር ርቀው ይቀመጣሉ? ፊት ለፊቱ ናቸው ወይስ በጎኑ? ጸሎት ላይ ምን ይለብሳሉ? የመጨረሻው ጥያቄ እንግዳ እንዳይሆንብሽ፤ ምክንያት አለኝ።

የኮሪደሩ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው ራሱን የሚያበራው? ሆም አሲስታንት የእያንዳንዱን ሴንሰር ታሪክ ይመዘግባል። ገብተሽ እዪው። በግምት ሳይሆን በሰዓቱ እንነጋገር።


የሰሚቷ

አሜን ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የሳሎኑ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሁለት ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። እማዬ ልክ ፊት ለፊቱ፣ አራት ሜትር ያህል ርቃ ነው የምትቀመጠው። ሌሊት ስለሚበርዳት ጋቢዋን ተከናንባ ነው። ከፊቷና ከእጆቿ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

የኮሪደሩን ታሪክ አየሁት። ለካ ዝም ብሎ አይደለም። ሁሌም ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የሚደጋገመው። ደመና በነበረባቸው ቀናት አንድም የለም። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት አለ፤ ሴንሰሩ እሱን ያየዋል።


ፌዝና_ኑትራል

ጋቢውን ነበር የጠረጠርኩት።

እነዚህ ሴንሰሮች ፒአይአር ይባላሉ። ከራሳቸው የሚልኩት ነገር የለም፤ ከሰውነት የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር፣ ማለትም ሙቀት ነው የሚቀበሉት። ፊቱ ላይ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ፍሬስኔል ሌንስ ነው። ክፍሉን በብዙ ቀጠና ይከፋፍለዋል። ሞቃት ነገር ከአንዱ ቀጠና ወደ ሌላው ሲሻገር ሴንሰሩ ለውጡን ያያል። ለውጥ ከሌለ ምንም አያይም። ስለዚህ ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖሩን አይነግርሽም። ሙቀት መንቀሳቀሱን ብቻ ነው የሚነግርሽ።

እናትሽ ላይ ሦስት ነገር ተደራርቧል። አንደኛ ቁጭ ብለዋል። ሁለተኛ ጋቢው የሰውነታቸውን ሙቀት ይዞ ያስቀረዋል፤ የጋቢው የውጭ ገጽ ከክፍሉ አየር ብዙም አይሞቅም፤ ሴንሰሩ ደግሞ የሚያየው የውጩን ገጽ ነው። ሦስተኛ ፊት ለፊቱ ናቸው። ፒአይአር ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍን ሰው ነው በደንብ የሚይዘው። ወደሱ የሚመጣ ወይም ገጽ ለገጽ እጁን ትንሽ የሚያንቀሳቅስ ሰው ቀጠና ቶሎ ስለማያቋርጥ ያመልጠዋል።

የኮሪደሩ ፀሐይ ነው። ወለሉ ላይ ያረፈው ፀሐይ መጋረጃው ሲወዛወዝ ይመጣል፣ ይሄዳል። ለሴንሰሩ ያ የሙቀት ለውጥ ነው። ከመስኮቱ አዙሪው። ማዞር ካልተቻለ መስኮቱን በሚያይበት በኩል የሌንሱን ግማሽ በፕላስተር ሸፍኚና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ታሪኩን እዪ። ቡና የሚፈላበት ከሰልም ያው ነው፤ ከምድጃ የሚወጣ ሞቃት አየር ሴንሰሩ ፊት ካለፈ ሊቀሰቅሰው ይችላል።


ከዱባይ_ነኝ

ጋሼ ያሉት በሙቀት አገር ሌላ መልክ አለው። እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የበረንዳዬ ሴንሰር ሰው አጠገቡ ሲያልፍ ዝም ይላል። የአየሩና የግድግዳው ሙቀት ወደ ሰው ሙቀት ሲጠጋ ሴንሰሩ ሰውን ከግድግዳው መለየት ያቅተዋል። ኅዳር ሲገባ ያው ሴንሰር ደህና ይሠራል። ድሬዳዋ፣ አፋር፣ ጋምቤላ ያላችሁ ከቤት ውጭ ስትሰቅሉ ይህን አስቡበት። ሰው በቅርብና በአግድም የሚያልፍበት ቦታ ምረጡ።


ቤተ_ኮድ

የሰሚቷ፣ ጋሼ የሴንሰሩን ጉዳይ ጨርሰውታል። እኔ ፕሮግራሙ ላይ ልግባ፤ እሱም ችግር አለበት።

ሆም አሲስታንት ውስጥ አውቶሜሽን ስትፈጥሪ ሞዱን (የአሠራር ዓይነቱን) ካልነካሽው "ሲንግል" ነው። አውቶሜሽኑ እየሠራ ሳለ ሌላ እንቅስቃሴ ቢመጣ ይዘለዋል ማለት ነው። እናትሽ ሁለት ደቂቃው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቢንቀሳቀሱ እንኳ ቆጠራው አይታደስም። ሰዓቱ ሲደርስ ያጠፋባቸዋል። ሞዱን "ሪስታርት" ካደረግሽው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ይህ ብቻውን ግማሹን ችግር ይቀንስልሻል።

እኔ ግን መጠበቁን ከድርጊቱ አውጥቼ ቀስቃሹ ላይ ነው የማደርገው። ሁለት አጫጭር አውቶሜሽን፦

አውቶሜሽን አንድ
ቀስቃሽ፦ የሳሎን ሴንሰር "እንቅስቃሴ አለ" ሲል
ሁኔታ፦ ፀሐይ ጠልቃ ከሆነ
ድርጊት፦ የሳሎን አምፖል ይብራ

አውቶሜሽን ሁለት
ቀስቃሽ፦ የሳሎን ሴንሰር "እንቅስቃሴ የለም" ብሎ 5 ደቂቃ ሲቆይ
ድርጊት፦ የሳሎን አምፖል ይጥፋ

ሁለተኛው ላይ የፀሐዩን ሁኔታ እንዳታስገቢ። ብዙ ሰው ከአንደኛው ኮፒ አድርጎ ያስገባዋል። ከዚያ ንጋት ላይ የበራው አምፖል ቀኑን ሙሉ ሲበራ ይውላል፤ የሚያጠፋው የለምና።

የሚጠበቀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች አይሁን። ብዙዎቹ የባትሪ ሴንሰሮች እንቅስቃሴ አንዴ ካዩ በኋላ ባትሪ ለመቆጠብ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶቹ 60 ሰከንድ። በዚያ መሃል ፊታቸው ብትዘይም አይመልሱልሽም። ስትፈትሺ እየደጋገምሽ በፊቱ ከመመላለስ አንዴ እለፊ፣ ከክፍሉ ውጪ፣ ጠብቂ፣ ከዚያ ተመለሺ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ሶፍትዌሩ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ማታ 12 ሰዓት ለሱ 18፡00 ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት 03፡00 ነው። ሴቲንግ ውስጥ የሰዓት ቀጠናው አዲስ አበባ መሆኑን አረጋግጪ። ካልሆነ ሁሉም ነገር በሦስት ሰዓት ሊዛነፍ ይችላል። የሚሻለው ግን ሰዓት ከመጻፍ ይልቅ የፀሐይ መጥለቂያን መጠቀም ነው። አዲስ አበባ ላይ መጥለቂያው ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው የሚለዋወጠው፤ አንዴ ካስተካከልሽው አያስቸግርሽም።


የአዳማ_ልጅ

ይቅርታ፣ ግን ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? መርካቶ ቻርጅ የሚደረግ፣ ሴንሰር ያለው ትንሽ መብራት ይሸጣል። አንዱን ኮሪደር፣ አንዱን ሽንት ቤት በር ላይ መለጠፍ ነው። ፕሮግራም የለው፣ ላፕቶፕ የለው። እናቴ ቤት ያደረግኩት ይህንኑ ነው።


ፌዝና_ኑትራል

የአዳማ ልጅ ትክክል ብሏል፤ የሰሚቷ፣ ሁለቱንም አድርጊ። መብራት ሲሄድ የዚግቢ አምፖሉም ያው ጨለማ ነው። የጉልበት ሕመም ላለባቸው ሰው ደግሞ አደገኛው ሌሊት መብራት የጠፋበት ሌሊት ነው። ኮሪደርና ሽንት ቤት አንድ አንድ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ይኑር።

ለሳሎኑ ጸሎት ግን አይሆንም። እሱም ፒአይአር ነው፤ ከሰከንዶች በኋላ ይጠፋባቸዋል።


የሌሊት_ተረኛ

እኔ ነርስ ነኝ። አረጋውያን ሲወድቁ ምን እንደሚከተል በየቀኑ ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እህቴ፣ አምፖሉን ሌሊት በሙሉ ኃይሉ አታብሪው። ጨለማ የለመደ ዓይን ላይ ኃይለኛ ብርሃን ሲመጣ መጀመሪያ ያጥበረብራል። ከዚያ ወደ መኝታ ሲመለሱ ድርግም ካለ ደግሞ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ምንም አያዩም። እርምጃ የሚሳተው በዚያች ቅጽበት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 10 በመቶ ይብቃው። ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ይሁን፣ 2700 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች። ሲጠፋም ቀስ ብሎ እየደበዘዘ ይጥፋ።

ደግሞ መብራቱ ሽንት ቤት ሲደርሱ ሳይሆን እግራቸው ወለል ሲነካ ነው ሊበራ የሚገባው። አንድ ሴንሰር አልጋው ሥር፣ ወደ ወለሉ እንዲያይ አድርጊው። እግር ሲወርድ በአግድም ያልፈዋል፤ ጋሼ እንዳሉት በደንብ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ነው። ብርድ ልብስ ሲገላበጡም አይቀሰቀስም። አልጋው ጠርዝ ሥር ባለ 12 ቮልት የኤልኢዲ ገመድ ካደረግሽለት ብርሃኑ ወለሉን እንጂ ዓይናቸውን አይመታም።


የሰሚቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ የአልጋውን ሥር አላሰብኩትም ነበር። ዛሬውኑ አደርገዋለሁ።

ቤተ ኮድ፣ እንዳልከው ሁለቱን አውቶሜሽን ለየሁት። የኮሪደሩንም ሴንሰር አዞርኩት፤ ከሰዓት በኋላ ሰላም ሆኗል። የሳሎኑን ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ አሳድጌዋለሁ። እማዬ ግን ከዚያ በላይ ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች። ግማሽ ሰዓት ባደርገው ደግሞ ሰው የሌለበት ሳሎን ሲበራ ያመሻል። መላው ምንድን ነው?


ቤተ_ኮድ

መላው ሁለቱን ሥራ መለየት ነው። ማብራት አንድ ሥራ ነው። በርቶ ማቆየት ሌላ ሥራ ነው። ፒአይአር ለመጀመሪያው ምርጥ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ባትሪ ቆጣቢ ነው፣ ሰው ሲገባ ወዲያው ያያል። ለሁለተኛው ግን አልተሠራም። እሱን ራዳር ይሥራው።

ኤልዲ2410 የሚባል ትንሽ ሞጁል አለ። በ24 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፣ የተመለሰውን ይሰማል። ደረት በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል ያለውን ትንሽ እንቅስቃሴ ሳይቀር ይይዛል። ሙቀት ስለማይለካ ጋቢ አይከልለውም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሞጁሉን ዋይፋይ ካለው ትንሽ ሰርኪት፣ ከኢኤስፒ32 ጋር አገናኚው። 5 ቮልት ስጪው። የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር ይገናኝ። ኢኤስፒ32ን ከሆም አሲስታንት ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ኢኤስፒሆም፣ ለዚህ ሞጁል ዝግጁ ድጋፍ ስላለው ኮድ አትጽፊም ማለት ይቻላል። የመገናኛ ፍጥነቱን 256000 አድርጊው፤ ፋብሪካው ያስቀመጠው እሱን ነው። በርካሹ ኢኤስፒ8266 ልሞክር እንዳትይ፤ በዚህ ፍጥነት ዳታ ሊቆራረጥበት ይችላል።

ከዚያ የማጥፊያውን አውቶሜሽን እንዲህ ቀይሪው፦

ቀስቃሽ፦ ራዳሩ "ሰው የለም" ብሎ 1 ደቂቃ ሲቆይ
ሌላ ቀስቃሽ፦ ፒአይአሩ "እንቅስቃሴ የለም" ብሎ 1 ደቂቃ ሲቆይ
ሁኔታ፦ ሁለቱም አሁን "የለም" ካሉ
ድርጊት፦ አምፖሉ በ5 ሰከንድ ውስጥ ደብዝዞ ይጥፋ

ማብሪያው በፒአይአር እንዳለ ይቀጥል። ራዳሩ ብቻውን እንዲያበራ አታድርጊ፤ መጋረጃ በነፋስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሊያበራብሽ ይችላል።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ዕቃ ለሚያስልኩ ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ፤ እኔ ለወንድሜ ዕቃ ስልክለት የተማርኩት ነው። በባትሪ ወይም በ5 ቮልት የሚሠራ ሴንሰርና ሞጁል ያለ ችግር ይሠራል። አምፖል ግን መለያውን አንብቡ። "120 ቮልት" ብቻ የሚል አምፖል 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የግድግዳ ስማርት ማብሪያም እንደዚያው፤ የሳጥኑ ቅርጽም አይገጥምም።

ዚግቢ በዓለም ዙሪያ በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠራ ከየትም ቢመጣ ይግባባል። ዜድ-ዌቭ የሚባለው ሌላው የስማርት ዕቃዎች ሬዲዮ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካው 908.42 ሜጋኸርዝ ነው፣ የአውሮፓው 868.42። የአሜሪካ ዶንግልና የአውሮፓ ሴንሰር ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው አይተያዩም። ከሁለት ዘመድ ከሁለት አገር የምታስመጡ ተጠንቀቁ።


ፌዝና_ኑትራል

የመብራት መምጣቱ ነገር ሳይመለስ ቀረ፤ እሱን እኔ ልያዘው።

አብዛኞቹ ስማርት አምፖሎች ኃይል ሲያገኙ በሙሉ ብርሃን እንዲበሩ ሆነው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ምክንያት አለው። ሰው ግድግዳው ላይ አጥፍቶ ካበራ ብርሃን ፈልጓል ማለት ነው ተብሎ ነው። መብራት በማይሄድበት አገር ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኛ ጋ ግን አምፖሉ የእናትሽን ጣትና የመብራት መምጣትን አይለያቸውም። ሴቲንጉ ውስጥ ኃይል ሲመለስ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ ፈልጊ። ይብራ፣ ይጥፋ ወይም ወደነበረበት ይመለስ የሚሉ አማራጮች አሉት።

ሁሉንም "ይጥፋ" እንዳታደርጊ ግን። ላፕቶፑ አንድ ቀን አልነሳም ቢል እናትሽ ግድግዳው ላይ ቢጫኑ ቢጫኑ መብራት አይመጣም። እኔ በዚህ ነገር አልደራደርም፤ የግድግዳው ማብሪያ ምንጊዜም መሥራት አለበት። ኢንተርኔት ቢጠፋ፣ ላፕቶፑ ቢሞት፣ አንቺ ከቤት ባትኖሪ። እንግዳም ሆነ ሠራተኛ ሳይጠይቅ ማብራት መቻል አለበት።

ስለዚህ ሽንት ቤቱና ኮሪደሩ ላይ ስማርት አምፖሉን አውጪና ተራ አምፖል አድርጊ። ስማርቱ ነገር ከማብሪያው ኋላ የሚቀመጥ ትንሽ ሪሌይ፣ ማለትም በትእዛዝ የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ይሁን፤ ማብሪያው የሚገባበት ተርሚናል ያለው። እናትሽ ሲጫኑ ሪሌዩ በቀጥታ ይታዘዛል፣ ላፕቶፑን አይጠይቅም። ሴንሰሩም በላፕቶፑ በኩል ያንኑ ሪሌይ ያዛል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሪሌዩን "ይጥፋ" ብትይው ማንም አይጎዳም።

ማወቅ ያለብሽ፣ በብዙ ቤቶቻችን የማብሪያው ሳጥን ውስጥ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ ኃይል የሚያመጣው (ፌዝ) እና ወደ አምፖል የሚሄደው። መመለሻው ሽቦ (ኑትራል) የለም። ሪሌዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኑትራል ይፈልጋል። ኑትራሉ ያለው ላይ፣ ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ሳጥን (ጀንክሽን ቦክስ) ውስጥ ነው። ሪሌዩ እዚያ ይቀመጥ። ያለ ኑትራል የሚሠሩም አሉ፤ ግን በአምፖሉ በኩል ትንሽ ከረንት ስለሚያሳልፉ አነስተኛ ዋት ያለው ኤልኢዲ ጠፍቶም ጭል ጭል ይላል። ያኔ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ካፓሲተር አምፖሉ ጋ በትይዩ ማሰር ነው።

ይህን ሥራ ራስሽ አትንኪው። ኤሌክትሪሺያን ጥሪ። ብሬከሩን ማጥፋቱን ብቻ ሳይሆን ሽቦውን በቴስተር ነክቶ ማረጋገጡን ቆመሽ እዪ።


ቤተ_ኮድ

በጋሼ ላይ ልጨምር። ላፕቶፕ መጠቀምሽ ጥሩ ነው፤ የራሱ ባትሪ አለው። በሜሞሪ ካርድ የሚሠሩት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ካርዱ ሊበላሽባቸው ይችላል። ለዋይፋይ ራውተሩም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ ግዢለት፤ መጀመሪያ ግን የራውተሩ አዳፕተር ላይ ስንት ቮልት እንደሚል እዪ።

አንድ የተደበቀ ነገርም አለ። "ይህን ያህል ደቂቃ ሲቆይ" የሚለው ቆጠራ ሆም አሲስታንት ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል። አምፖሉ በርቶ፣ ሴንሰሩ "የለም" ብሎ፣ ሲስተሙ ከተነሳ ማንም አያጠፋውም። "ሆም አሲስታንት ሲነሳ" የሚል ቀስቃሽ ያለው ሌላ አውቶሜሽን ሥሪ። ሦስት ደቂቃ ይጠብቅ፣ ሴንሰሮቹን ይጠይቅ፣ ሰው የሌለበትን ያጥፋ።

የሽንት ቤቱ መዘግየት ደግሞ የዚግቢ መንገድ ነው የሚመስለኝ። ዶንግሉ ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ነው የተሰካው? ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ?


የሰሚቷ

አዎ፣ ሰማያዊው ላይ ነው። ራውተሩም እዚያው አጠገቡ ነው። ደግሞ አሁን ስታዘብ እማዬ ልማድ ሆኖባት ከኮሪደሩ ስትወጣ ግድግዳው ላይ ታጠፋለች።


ቤተ_ኮድ

እንግዲያው ሁሉም ተገኝቷል። ዩኤስቢ 3 በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ያሰማል። ዶንግሉን በማስረዘሚያ ገመድ ከላፕቶፑም ከራውተሩም አርቂው። አንድ ሜትር ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ሁለተኛ፣ በዚግቢ ዓለም ኤሌክትሪክ የማይቋረጥበት አምፖል የሌሎችን መልእክት ያስተላልፋል። የባትሪ ሴንሰር ግን አያስተላልፍም። የሽንት ቤቱ ሴንሰር በኮሪደሩ አምፖል በኩል ነው የሚያወራው ብለን እናስብ። እናትሽ ኮሪደሩን ግድግዳው ላይ ሲያጠፉ ሴንሰሩ መንገዱ ይቋረጥበታል። አንዳንዱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጋሼ ያሉት ሪሌይ ይህንንም ይፈታዋል። ሪሌዩ ሁሌም ኃይል ስላለው መንገዱ አይዘጋም፤ ዚግቢ የሆነውን ግን ግዢ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተስተካከለ ብቻ ወደ ቻናል ሂጂ። ራውተሩን ቻናል 1 ላይ፣ ዚግቢውን 25 ላይ ማድረግ ያራርቃቸዋል። ቻናል ስትቀይሪ ግን አንዳንድ ሴንሰሮች እንደገና መጣመር ሊኖርባቸው ስለሚችል በመጨረሻ የሚሞከር ነው።


የሰሚቷ

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ዶንግሉን በገመድ ካራቅኩት ወዲህ ሽንት ቤቱ በሩ ሲከፈት ነው የሚበራው። ሪሌዮቹን ኤሌክትሪሺያን ጀንክሽን ቦክሱ ውስጥ ገጠመልኝ፤ ጋሼ እንዳሉት ማብሪያው ጋ ኑትራል አልነበረም። የአልጋው ሥር ሴንሰርም ተገጥሟል። እማዬ በጣም የወደደችው እሱን ነው።

ራዳሩም ገብቷል። ጸሎት ላይ አንድም ጊዜ አልጠፋባትም። አሁን ግን ተቃራኒው መጣ። እማዬ ወደ መኝታ ከሄደች በኋላ ሳሎኑ ለረጅም ጊዜ ሳይጠፋ ይቆያል። ታሪኩ ላይ ራዳሩ "ያልተንቀሳቀሰ ሰው፣ 5 ሜትር ከምናምን" ይላል። ሶፋው ግን አራት ሜትር ላይ ነው። ከሶፋው ጀርባ መስኮትና መጋረጃ አለ።


ቤተ_ኮድ

መጋረጃውን ነው ሰው ያደረገው። ይህ ሞጁል ርቀቱን በየ75 ሳንቲ ሜትሩ ይከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ጌት ይባላል። ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ያሉትን ጌቶች ዝጊ። ሶፋው ከዚያ በታች ስለሆነ አይነካም። ያም ካልበቃ በተከፈቱት ጌቶች ላይ "ላልተንቀሳቀሰ ሰው" የሚለውን ትሬሾልድ (ሰው አለ የሚልበትን የምልክት ገደብ) ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርጊ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ስሜቱ ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ይረዳዋል።

ስትፈትሺ እናትሽን አታስቸግሪ። አንቺው ጋቢ ተከናንበሽ ሶፋው ላይ ቁጭ በይ፣ ስልክሽ ላይ የጌቶቹን ንባብ እያየሽ። አንቺን ሳይስት ባዶውን ክፍል "የለም" የሚልበት ቁጥር ላይ ተይው። ፋን የምትጠቀሙ ከሆነም ራዳሩ እንዳያየው አድርጊ፤ የሚሽከረከር ነገር ለሱ ሰው ነው። ሳሳ ያለ ግድግዳና እንጨትም አልፎ ያያል፤ ጀርባውን ወደ ኮንክሪቱ ይስጥ።


የሰሚቷ

ጌቶቹን ዘጋሁ፤ ሠራ። የሩቁን ትሬሾልድ ብቻ ነው ትንሽ ያሳደግኩት። እማዬ ከተነሳች ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ቆይቶ እየደበዘዘ ይጠፋል። ጋሼ፣ ቤተ ኮድ፣ የሌሊት ተረኛ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እማዬም መርቃችኋለች።


የአዳማ_ልጅ

ይህን ሁሉ አንብቤ እኔም ደረጃዬ ላይ ልሠራ ተነሳሁ። ቤቴ ኢኤስፒ8266 እና ኤችሲ-ኤስአር501 የሚባለው ርካሹ ፒአይአር አለኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ቦክስ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ማንም ሳይኖር በየጥቂት ሰከንዱ ይቀሰቀሳል። ፀሐይ የለም፣ መጋረጃ የለም። ምን ይሆን?


ፌዝና_ኑትራል

አንድ ላይ መከተታቸው ነው። የዋይፋይ አንቴናው ዳታ በላከ ቁጥር ያ ሞጁል ይረበሻል፣ እንቅስቃሴ ያየ ይመስለዋል። ሴንሰሩን በሽቦ አርቀው፤ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ይሞክር። የኃይል መግቢያው ላይ ካፓሲተር ጨምርለት። 3.3 ቮልት ሰጥተኸው ከሆነ አይበቃውም፤ 5 ቮልት ስጠው። የሚያወጣው ምልክት 3.3 ስለሆነ ለኢኤስፒው ችግር የለውም።

ከተሰካ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል እስኪረጋጋ ጠብቀው፤ በዚያ መሃል ያለው ንባብ አይታመንም። ሁለቱ ብሎኖች አንዱ ስሜቱን፣ ሌላው በርቶ የሚቆይበትን ጊዜ ነው የሚቆጣጠሩት። ጊዜውን ዝቅተኛው ላይ አድርገህ ቆጠራውን ለፕሮግራሙ ተውለት። ጃምፐሩን ደግሞ ተደጋጋሚ መቀስቀሻ ላይ አድርገው፤ ሰው ደረጃው ላይ እስካለ ምልክቱ እንዳይቋረጥ። ሲሰቀልም ደረጃውን ከፊት ሳይሆን ከጎን እንዲያይ ይሁን።


የአዳማ_ልጅ

3.3 ላይ ነበር ጋሼ። ወደ 5 ቀየርኩት፣ በሽቦም አራቅኩት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ታሪኩ ላይ ያለው ሰው ያለፈበት ብቻ ነው።